ጋሽ እንድሪስና ማንም ያልያዘው ቁልፍ

የጋሽ እንድሪስን ማረፍ የነገሩኝ እትዬ ዘሀራ ናቸው። እትዬ ዘሀራ መካነ ሰላም ሳለሁ አብረን የሠራንበት ኮሌጅ ሬጅስትራር ናቸው። ሲደውሉ ወደ ጉዳዩ ከመግባታቸው በፊት ስለ ብርዱ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ሥራዬ ሩብ ሰዓት ያህል ይጠይቃሉ። የዚያን ቀን ግን ከ«አፊያ ነሽ?» ሌላ አልጠየቁኝም። ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

«ጋሽ እንድሪስ ወደ አኼራ ሄዱ» አሉኝ።

«መቼ?»

«ትናንት። ከዙህር ሶላት በኋላ ተቀበሩ።»

ሁለታችንም ትንሽ አለቀስን። ከዚያ እትዬ ዘሀራ እንባቸውን ጠርገው፣ ሰውየው እስከ መጨረሻው ጨዋታቸውን እንዳልተዉ ነገሩኝ። አንዲት ነርስ የደም ግፊታቸውን ለክታ፣ ቁጥሩን አይታ፣ ምንም ሳትል ልትወጣ ስትል ጠርተው አስቆሟት አሉ። «ልጄ፣ ስህተት ካለ ጮክ ብለሽ ተናገሪ። አትዋጪው።» እያለቀስኩ ሳቅሁ። ይህን ነገር ለእኔ ስንት ጊዜ እንዳሉኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

ጋሽ እንድሪስ የምንሠራበት ትንሽ የጤና ኮሌጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበሩ። መቼም ባለሙያ ሲባል ሰው የሚያስበው ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ወጣት ነው። እሳቸው ግን ሁለት ሹራብ ደርበው፣ በላዩ ላይ ቡናማ ኮት ጥለው፣ በኮቱ የደረት ኪስ ሦስት እስክሪብቶና አንድ ብሎን መፍቻ ደርድረው የሚመጡ ሽማግሌ ነበሩ። የመነጽራቸው አንዱ እግር ተሰብሮ በስልክ ሽቦ ታስሯል። አዲስ መነጽር እንዲገዙ ሲነገራቸው፣ «ሽቦው ከመነጽሩ ይበልጣል፣ አቀስታ እያለሁ የተሰጠኝ ነው» ይላሉ። መነጽሩን አውልቀው በአንገት ልብሳቸው ጫፍ መጥረግ ከጀመሩ ነገር መጣ ማለት ነው። ያኔ ወንበር ስቦ መቀመጥ ይሻላል።

በወጣትነታቸው አቀስታ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ሰው ስልክ ለመደወል ቢሮ መጥቶ በሚሰለፍበት፣ መስመሩ በእጅ እየተሰካ በሚገናኝበት ዘመን ማለት ነው። ኮምፒውተርን የተማሩት በኋላ ነው፤ ያውም ከማንም ሳይሆን በወረቀት ታትሞ በሲባጎ ከተጠረዘ ወፍራም መመሪያ። መመሪያውን «ኪታቡ» ነበር የሚሉት። እኔ አንድ ነገር ከኢንተርኔት ፈልጌ ሳጣና ስበሳጭ፣ «እስቲ ኪታቡን አምጪው» ይሉና ጣታቸውን ምራቅ እያስነኩ ገጽ ይገልጣሉ። የሚያናድደው ደግሞ ማግኘታቸው ነው።

እኔ ኮሌጁ የተቀጠርኩት በተመረቅሁ በሁለተኛው ወር ነው። የማላውቀው ነገር አለ ብዬ አላምንም ነበር። መጀመሪያ ቀን ተነሥተው ተቀበሉኝ።

«መርሃባ። ከወዴት ነሽ?»

«ከኩታበር።»

«አባትሽ ምን ይሠራሉ?»

«ቄስ ናቸው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ስሜን ጠርተውት አያውቁም። በስብሰባም፣ በስልክም፣ ሰው ፊትም «የቄሱ ልጅ» ሆንኩ። ስሜን ረስተውት ይሆናል ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «አልረሳሁም። ግን ስምሽን ብጠራሽ አንቺ ብቻ ነሽ የምትሰሚኝ። የቄሱ ልጅ ስልሽ አባትሽም ይሰማሉ፣ ትፈሪያለሽ» አሉኝ። 

ሁለት አመል ነበራቸው። አንደኛው «ከዛስ?» የሚል ጥያቄ ነው። ሰው ችግሩን ተናግሮ ጨርሻለሁ ሲል እሳቸው አይጨርሱም። ፕሪንተሩ ተበላሸ። ከዛስ? ወረቀት ያኝካል። ከዛስ? ከትናንት ጀምሮ ነው። ከዛስ? ትናንት እርጥብ ወረቀት አስገብተንበት ነበር። «እ፣ እንዲህ በይ እንጂ።» ሰው ሁሉ በዚህ ይስቅ ነበር፤ እኔ ግን መጀመሪያ አካባቢ ጥርሴን ነክሼ ነው የምመልስላቸው።

ሁለተኛው አመላቸው ይብሳል። ዋናው ኮምፒውተር ያለው ድሮ ዕቃ ቤት በነበረ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ቁልፉ በእሳቸው ኪስ ነው። ውስጥ ሰው እንደሌለ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። እንዲያም ሆኖ በሩ ላይ ቆመው «አሰላሙ አለይኩም» ይላሉ። ይጠብቃሉ። ይደግማሉ። ይጠብቃሉ። ሦስተኛ ይሉና ከፍተው ይገባሉ። እኔ ላፕቶፕ ታቅፌ ከኋላቸው ቆሜ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ይገባል።

«ጋሼ፣ ውስጥ እኮ ማንም የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሰላምታው ለማን ነው?»

«ለእኔ ነው። ባዶ ቤት ዘው ማለት የለመደ፣ ሰው ያለበት ቤት ሲደርስም ዘው ይላል። ሦስት ጊዜ ትጠሪያለሽ። መልስ ከሌለ ቅር ሳይልሽ ትመለሻለሽ።»

«እርስዎ ግን መልስ ሳይኖር ይገባሉ።»

መነጽራቸውን ሊያወልቁ እጃቸውን አነሡና ተዉት። «ቁልፉ እኔ ጋ ነዋ» አሉ። የዚያን ቀን የረታኋቸው መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ኮሌጁ ሰልጣኞቹን ለብቃት ምዘና ሲያስመዘግብ፣ ዝርዝሩን ደሴ ላለው የምዘና ቢሮ በኢንተርኔት ይልካል። እኔ ስመጣ ይህን እትዬ ዘሀራ በእጃቸው ነበር የሚሠሩት። ችሎታዬን ላሳይ ብዬ አንድ ሼል ስክሪፕት ጻፍኩ፤ ማለትም ኮምፒውተሩ ሰዓት ጠብቆ ራሱ እያነበበ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር። ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ቀን ስድስት ሰዓት፣ ከሰዓት አሥር ሰዓት ይነሣል፤ የተመዘገቡትን ይሰበስባል፣ ደሴ ይልካል።

ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ቢያስነሣው ዝርዝሩ ይደበላለቃል። ስለዚህ ስክሪፕቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ትንሽ የቁልፍ ፋይል ከፍቶ ይይዛል። ሲጨርስ ፋይሉን አጥፍቶ ይወጣል። በመሀል ሌላ ቢመጣ ቁልፉን መያዝ ስለማይችል ይመለሳል። እስከዚህ ጥሩ ነው። የእኔ ስክሪፕት ግን ቁልፉን መያዝ ካቃተው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሌላ ሰው ሥራ ላይ ነው። ለምን እንዳቃተው አይጠይቅም። ምንም ሳይናገር፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው የሥራ መዝገብ ላይ «ተሳክቷል» ብሎ ጽፎ ውልቅ ይላል።

ዝም ያሰኘሁትም እኔው ነኝ። መጀመሪያ ይናገር ነበር። ችግር ሲያጋጥመው በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልእክት ለዲኑ ለአቶ ተፈራ ይልካል። አቶ ተፈራ ደግሞ ቀይ ጽሑፍ ባዩ ቁጥር ስልካቸውን ይዘው እየሮጡ ይመጣሉ። «ተጠለፍን እንዴ?» ይላሉ። ኧረ አልተጠለፍንም፣ መብራት ጠፍቶ ነው እንላቸዋለን። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ፣ «የኔ ልጅ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ይሄን ነገር ዝም አሰኚልኝ» አሉኝ። የማርያም ጽዋ የሚጠጡ ሰው ናቸው፤ ሲጨንቃቸው ግን የሚማልዱት እንደ ወሎ ሰው ነው። አለቃ ተጨንቆ እየለመነኝ እምቢ ማለት ነውር መሰለኝ። የስህተት መልእክቱ ሁሉ ማንም ወደማያየው ቦታ እንዲጣል አደረግሁ። አንድ መስመር ነው የፈጀብኝ።

ጋሽ እንድሪስ በትከሻዬ በኩል ሲያዩ ነበር። መነጽሩ ወለቀ።

«ምላሱን ቆረጥሽው?»

«ዲኑ ናቸው ያዘዙኝ።»

«ዲኑ አታስደንግጪኝ ነው ያሉሽ። አታሰሚኝ አሉሽ?»

«እሺ ጋሼ፣ አስተካክለዋለሁ።»

አላስተካከልኩም። በየሳምንቱ ሰኞ በአጠገቤ ሲያልፉ «የቄሱ ልጅ፣ ምላስ» ይላሉ። እኔም «እሺ ጋሼ» እላለሁ። ሥራ በዛብኝ እላለሁ እንጂ እውነቱን ለመናገር እልህ ነበር የያዘኝ።

በዚያ ዓመት ምዝገባው ሰኞ ተከፍቶ ረቡዕ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋ ነበር። እኔ ለእህቴ ሠርግ ኩታበር ሄጄ ረቡዕ አመሻሽ ላይ ተመለስኩ። መዝገቡን አየሁት። ሰኞ ተሳክቷል፣ ማክሰኞ ተሳክቷል፣ ረቡዕ ተሳክቷል። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሰዓዳ የምትባል ሰልጣኝ ቢሮ መጣች። ከወግዲ የመጣች፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት። የሌላ ኮሌጅ ጓደኞችዋ የፈተና ቁጥራቸው በስልካቸው ደርሷቸዋል፤ የእሷ ግን አልመጣም። እትዬ ዘሀራ «ሰብር አድርጊ፣ ይመጣል» አሏት። እኔ ደግሞ ስክሪኑን አዙሬ «ይኸው፣ ሁሉም ሄዷል» አልኳት። ልጅቱ አመስግና ልትወጣ ዞረች።

«ከዛስ?» አሉ ጋሽ እንድሪስ ከጥግ ሆነው።

ሰዓዳ ቆመች። «ምን ከዛስ?»

«ቁጥሩ ካልመጣስ? አንቺ ምን ትሆኛለሽ?»

አንገቷን ደፍታ ተናገረች። ወግዲ ገጠር ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ቦታ ይዘውላታል። ዘንድሮ ተፈትና ወረቀቱን ካላመጣች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ፈተናው ደግሞ ካለፈ የሚመለሰው ከዓመት በኋላ ነው። «አባቴ ዓይናቸው ደክሟል። እዚያው ቤቴ አድሬ ብሠራ ብዬ ነው» አለች። እንደ እሷ ያሉ ስልሳ ሁለት ሰልጣኞች በዚያ ዝርዝር ውስጥ ነበሩ።

ጋሽ እንድሪስ ተነሡ። እኔ ተከተልኳቸው። በሩ ላይ ሦስት ጊዜ ሰላም ሲሉ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተበሳጨሁም፤ ውስጥ ያለውን ለማየት አልቸኮልኩም። ገቡና «ምላሱን መልሺለት» አሉኝ። ያቺን ዝም የምታሰኝ መስመር አጠፋሁና ስክሪፕቱን በእጄ አስነሣሁት። ወዲያው ተናገረ። የቁልፍ ፋይሉን ለመክፈት ፈቃድ የለህም ተብያለሁ አለ።

ሥራ ላይ ያለ ሰው አልነበረም። ስክሪፕቴ ለሦስት ቀን በሩ ላይ እየደረሰ፣ አትነካም እየተባለ፣ ተይዟል ብሎ እያሰበ፣ ተሳክቷል ብሎ እየጻፈ ሲመለስ ኖሯል። አንድም ስም ደሴ አልደረሰም። ምዝገባው ደግሞ ትናንት ተዘግቷል። 

የመጀመሪያ ሐሳቤ ፋይሉን በጉልበት ማጥፋት ነበር። በኮምፒውተሩ ላይ ሩት የሚባል ሁሉ ነገር የሚፈቀድለት ተጠቃሚ አለ፤ በእሱ ስም ከገባሁ ምንም አይከለክለኝም። ልጽፍ ስል ጋሽ እንድሪስ ኪታቡን ኪቦርዱ ላይ አስቀመጡት።

«ማን እንደያዘው ሳትጠይቂ?»

ጠየቅሁ። ፋይሉ ውስጥ ቁልፉን የያዘው ሥራ መለያ ቁጥር ተጽፏል። ያ ቁጥር ያለው ሥራ አሁን በሕይወት አለ ወይ ብዬ ኮምፒውተሩን ጠየቅሁት።

«ሞቷል» አልኳቸው።

«ኢናሊላሂ» አሉ፣ ከልባቸው። «ፋይሉ የማን ነው?»

«የሩት።»

«መቼ ተፈጠረ?»

«ሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ።»

በሩት ስም መግባት የምንችለው ሦስት ሰዎች ነን። እኔ ሠርግ ላይ ነበርኩ። አቶ ተፈራ የይለፍ ቃሉን ረስተውት ዓመት ሆኗቸዋል። እኔ ግን የሰው ስም መቁጠር ጀመርኩ፤ የጥገናው ሰውዬ ይሆን፣ ለሥልጠና የመጣው እንግዳ ይሆን እላለሁ። ጋሽ እንድሪስ ወደ ግድግዳው ሄዱ። እዚያ በምስማር የተንጠለጠለ ደብተር አለ፤ ወደ ክፍሉ የገባ ሁሉ ለምን እንደገባ እንዲጽፍበት ያስጀመሩት ራሳቸው ናቸው። ገለጡት። ሰኞ ላይ ባለው መስመር በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «እንድሪስ። መብራቱ አመንትቶ የሦስት ሰዓቱ ስላመለጠ ስክሪፕቱን በእጄ አስነሣሁ። በመሀል መብራት ጠፋ» ይላል።

መነጽሩ ወለቀ። ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«ሌባው ተያዘ» አሉ።

ነገሩ ግልጽ ሆነ። እኔ ስለሌለሁ ሥራው እንዳይስተጓጎል አስበው ራሳቸው በሩት ስም አስነሡት። መብራቱ ሲጠፋ ሥራው ሞተ፤ ቁልፉ ግን በሩት ስም ቀረ። ስክሪፕቴ የሚነሣው በአንድ ተራ ተጠቃሚ ስም ነውና የሩትን ቁልፍ መንካት አይፈቀድለትም። ሌላ ጊዜ መብራት ሲጠፋ የያዘው ሥራ ሞቶ ቁልፉ ስለሚለቀቅና ፋይሉም የራሱ ስለሆነ መልሶ ይይዘው ነበር። የእሳቸው እጅ ፋይሉን አስቀረ፤ የእኔ እጅ ጩኸቱን አፈነ። ከሁለት አንዱ ባይኖር ሰዓዳ ቁጥሯ ይመጣላት ነበር።

አቶ ተፈራ ሲሰሙ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ደሴ ደወሉ። የምዘና ቢሮው ኃላፊ በትሕትና ነው ያናገሩን፤ ምክንያቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከማስረጃ ጋር እስከ አርብ አሥር ሰዓት ይድረሰኝ፣ አሳማኝ ከሆነ እከፍታለሁ አሉ። አቶ ተፈራ ስልኩን ዘጉ።

«በቃ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው እንበል።»

«አልጠፋም» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ጡረታዎ እኮ ሦስት ወር ነው የቀረው። ምን ያደርግልዎታል?»

«ዲን፣ ሌሎቹ ኮሌጆች ከዚሁ ከተማ ልከዋል። ኔትወርኩ ለእኛ ብቻ ጠፋ ብንል ማን ያምነናል? ልጆቹን ሁለተኛ ነው የምንገድላቸው።» ቀጥለውም፣ «ደግሞ አንድ ጊዜ ብያለሁ። አልደግምም» አሉ።

ያሉት ስላልገባኝ ከሰዓት በኋላ ጠየቅኋቸው። አቀስታ ኦፕሬተር ሳሉ አንድ ገበሬ ደሴ ሆስፒታል የተኛች ሚስቱን ወሬ ለመጠየቅ ቢሮ መጣ። መስመሩ ከጉጉፍቱ ወዲያ ተበጥሶ ነበር። የተበጠሰ ነው ካሉት ደግሞ ሰው ይቆጣል፣ መቼ ይቀጠላል ብሎ ይጨቀጭቃል። እሳቸው ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጭቅጭቅ ሰልችቷቸዋል። «ተይዟል፣ ይጠብቁ» አሉት። ሰውየው አመስግኖ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ምሳ ሰዓት አለፈ። በየጊዜው ቀና ብሎ ያያቸዋል፤ እሳቸውም «ተይዟል» ይሉታል። ወደ ደሴ የሚወርደው የዕለቱ የጭነት መኪና ሄደ።

«ተበጥሷል ብለውት ቢሆን ኖሮ?» አልኳቸው።

«በመኪናው ይሄድ ነበር።»

«ደረሰ ታዲያ?»

«ከቀብሯ በኋላ።» መነጽራቸውን አላወለቁም። «ኋላ አገኘኝ። አመሰገነኝ። ቀኑን ሙሉ ስትደክምልኝ ዋልክ አለኝ።»

እስከዛሬ ድረስ ስለ ፕሮግራም የሰማሁት ትምህርት ሁሉ ቢደመር ይህን አያህልም። በዚያች ሰዓት ልክ እንዳልነበርኩ አምኜ ማልቀስ ጀመርኩ። «አብሽሪ» አሉኝ። «ይልቅ ወረቀት አምጪ።»

እሳቸው እየተናገሩ፣ እኔ እየጻፍኩና እየተከራከርኩ ስክሪፕቱን እንደገና ሠራነው። መጀመሪያ ሁሉንም ነገር በሩት ስም ብናስነሣው ማን ይከለክለናል ብዬ ነበር። «አንድ በር ስለከለከለሽ መንደሩን ልትወርሺ ነው?» አሉና ሰረዙት። ቁልፉ በእውነት በሌላ ተይዞ ከሆነ ስክሪፕቱ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይጠይቃል፤ ሦስት ጊዜ ጠይቆ ካጣ ማን እንደያዘው ተናግሮ ይመለሳል። የያዘው ሞቶ ከሆነና ቁልፉ የራሳችን ከሆነ አጣርቶ ያነሣል። ፈቃድ ከተነፈገ ግን መጠበቅ የለም፣ በጉልበት መስበርም የለም። ምን እንደተከለከለ፣ ንብረቱ የማን እንደሆነ ይናገራል፤ መዝገቡም ላይ «አልተሳካም» ብሎ ይጽፋል። ቁልፉንም ስክሪፕቱ ብቻ ወደሚጠቀምበት አዲስ ፎልደር አዛወርነው።

መልእክቶቹ ደግሞ በአማርኛ ይሁኑ አሉ፤ ዲኑ እንዳይደነግጡ። እኔ «ስህተት፦ ፈቃድ የለም» ብዬ ጻፍኩ። «እንዲህ ነው ሰው ቤት የምትገቢው?» ብለው ራሳቸው አረቀቁት። አሁንም በቃሌ እለዋለሁ። «ይቅርታዎን፤ ቁልፉን ለመያዝ መጥቼ ነበር፣ አልተፈቀደልኝም። የተያዘ አይደለም፣ የተከለከለ ነው። ሥራው አልተሠራም። እባክዎ ለቄሱ ልጅ ይንገሩልኝ።» ስሜ ይሁን አልኩ። አልሰሙኝም።

ደብዳቤውንም የዚያን ዕለት በእጃቸው ጻፉ። አርብ ጎሕ ሲቀድ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደሴ ሊሄዱ ነው። እኔ ልሂድ አልኩ። «አንቺ እዚህ ያስፈልግሻል። ከከፈቱልን ለጥቂት ጊዜ ነው የሚከፍቱልን።»

«ደብዳቤው ላይ የእኔንም ጽፈዋል?»

«ሁሉንም ጽፌዋለሁ።»

አርብ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ደወሉ። «ከፈቱልን። አንድ ሰዓት ሰጥተውናል። ላኪ።» እትዬ ዘሀራ፣ አቶ ተፈራና ሰዓዳ ከኋላዬ ቆመዋል። አስነሣሁት። ወዲያው ስክሪኑ ላይ መጣ። «ይቅርታዎን፤ ቁልፉን ለመያዝ መጥቼ ነበር፣ አልተፈቀደልኝም።»

አቶ ተፈራ «ለቄሱ ልጅ ይንገሩልኝ ይላል» አሉኝ፣ እኔ እንዳላየሁት። ያን አዲስ ፎልደር የፈጠርኩት በችኮላ በሩት ስም ሆኜ ነው። የእሳቸው ስህተት ከታወቀ ሁለት ቀን ሳይሞላ ያንኑ ደገምኩት። ብቻ አሁን ስክሪፕቱ ምላስ አለው፤ ፎልደሩ የማን እንደሆነ እንኳ ከስሩ ጽፎልኛል። ባለቤትነቱን አስተካክዬ እንደገና አስነሣሁት። ስልሳ ሁለቱም ስሞች ሄዱ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሰዓዳ ቁጥሯ ስልኳ ላይ ሲገባ ድምፅ አውጥታ ሳቀች፤ ድምፅ እንዳላት ያኔ አወቅን።

ሰልጣኞቹ ተፈተኑ። ሰዓዳም ወግዲ ገባች። ጋሽ እንድሪስ ግን ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ሲቀራቸው ከኮሌጁ ቦርድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። እኔ አልደረሰኝም። ወጣት ናት ብለው ምረውኝ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ደስም አለኝ፣ አልዋሽም። እሳቸው ነገሩን ጨዋታ አደረጉት። በሽኝታቸው ቀን ሰው ሁሉ ምስጋና ሲያነብላቸው፣ ከኪሳቸው ማስጠንቀቂያውን አውጥተው ጮክ ብለው አነበቡት። የፊደል ግድፈቱንም በእስክሪብቶ እያረሙ ነው ያነበቡት። «ስንት ዓመት ሠርቼ በስሜ የተጻፈልኝ የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

ለለቅሶው መካነ ሰላም የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ቤተሰቡን አጽናንቼ ስወጣ እትዬ ዘሀራ ወደ ቢሯቸው ይዘውኝ ሄዱ። ከመደርደሪያ ማህደር አውርደው አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ጋሽ እንድሪስ ደሴ ይዘውት የሄዱት ደብዳቤ ግልባጭ ነው። ሰኞ ጠዋት ያደረጉትን በሰዓቱ ጽፈዋል። ከዚያ ቀጥሎ አንድ አረፍተ ነገር አለ። «የስህተት መልእክቶች እንዳይታዩ የተደረገውም በእኔ ትእዛዝ ነው።»

ደግሜ አነበብኩት። በየሰኞው «ምላስ» እያሉ ሲለምኑኝ የነበሩ ሰው ናቸው።

«ይሄ ውሸት ነው» አልኩ። «ያደረግሁት እኔ ነኝ። እሳቸው እንዲያውም ተቆጥተውኛል።»

«እናውቃለን» አሉ እትዬ ዘሀራ።

«አቶ ተፈራም?»

«እሳቸውም። ያዘዝኩት እኔ ነኝ ብለው በጣም ተከራከሯቸው። ጋሽ እንድሪስ ግን እኔ ወጪ ነኝ፣ እናንተ እዚህ ትቀራላችሁ፣ እሷ ደግሞ ገና ጀማሪ ናት አሉ። አትንገሯት ብለው አስማሉን።»

ስህተት አትዋጪ ብለው ነርስ የሚያስቆሙ ሰው፣ የእኔን ውጠው ኖረዋል። ለአራት ዓመት ቢሮው ሁሉ ሲያውቅ ያልተነገረኝ እኔ ብቻ ነኝ። በእትዬ ዘሀራ ወንበር ላይ ተቀምጬ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ፤ ከለቅሶ ቤቱ ይልቅ እዚያ አለቀስኩ ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወረቀት ጠየቅሁና በአንድ ገጽ ያደረግሁትን ጻፍኩ። የትኛዋን መስመር፣ መቼ፣ ማን ለምኖኝ፣ ማን ከልክሎኝ እንደጻፍኩ አስቀመጥኩ። ፈርሜበት ወደ አቶ ተፈራ ቢሮ ወሰድኩት። አንብበው ሲጨርሱ ዓይናቸውን አሸት አሸት አደረጉ።

«ይሄ አሁን ምን ይሠራል? ሰውየው ሞተዋል» አሉኝ።

«ከጋሽ እንድሪስ ማስጠንቀቂያ ጋር ማህደራቸው ውስጥ ይያያዝልኝ» አልኳቸው።